ሳርጎን በነገሌ ቦረና፦ የቀድሞው የቼዝ ፕሮግራምና መልስ ያላገኘው ጥያቄ

በ1987 ዓ.ም. ለሥራ ነገሌ ቦረና ተመድቤ ነበር። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በክብረ መንግሥት በኩል 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚደርሱባት ይህች ከተማ በዘመናዊ ታሪካችን ስሟ የሚነሳው በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ ሰፍሮ የነበረው ጦር በምግብና በውኃ ጉዳይ ባስነሳው አመጽ ነው። እኔ ግን ነገሌን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የመሥሪያ ቤታችን ጄኔሬተር ድምፅና በአንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እየተፈራረቅን የምንጫወተው የቼዝ ፕሮግራም ነው።

ጄኔሬተሩ የሚሠራው ለሦስት ሰዓት ያህል ነበር። ዘገባው ተጽፎ ካለቀ በኋላ የምትተርፈዋን ጊዜ ከአዲስ አበባ በፍሎፒ ዲስክ ተገልብጦ የመጣ ‹‹ሳርጎን 3›› የተባለ ፕሮግራም እንከፍትበታለን። አንድ ምሽት የግቢያችን ዘበኛ አባት ለከብት ገበያ መጥተው ልጃቸው ጋ አድረው ነበርና በሩ ላይ ቆመው ስጫወት ያዩኛል። በኦሮምኛ ጠየቁ፤ ልጃቸው ተረጎመልኝ።

‹‹ምን እያደረገ ነው?››

‹‹እየተጫወትን ነው አባቴ። ማሽኑ ከእኔ ጋር ይጫወታል›› አልኳቸው።

‹‹ማን ያሸንፋል?››

‹‹አብዛኛውን ጊዜ እሱ።››

ጥቂት አሰቡና ‹‹ሰዴቃ ያውቃል?›› አሉ። አያውቅም አልኳቸው። ‹‹እንግዲያ ገና ልጅ ነው›› ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ሰዴቃ በአማርኛ ገበጣ የምንለው የጉድጓድና የጠጠር ጨዋታ ነው። የሽማግሌው አነጋገር ያን ምሽት አሳቀን። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ጥያቄው ከቀልድ የዘለለ ቁም ነገር እንዳለበት ተረዳሁ። ለመሆኑ ሳርጎን ምን ነበር? በኮምፒዩተር ጨዋታ ታሪክ ውስጥስ ቦታው የት ነው? ኮምፒዩተር ቼዝን ሲያውቅ ሰዴቃን ያላወቀው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ በየተራ ለማየት እሞክራለሁ።

ከሳርጎን በፊት

ማሽን ቼዝ ሲጫወት የማየት ምኞት ከኮምፒዩተር መፈጠር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1770 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን የተባለ የሃንጋሪ ሰው በኦስትሪያ ቤተ መንግሥት ‹‹ቱርኩ›› በመባል የታወቀውን የቼዝ ማሽን አሳየ። ማሽኑ ለአሥርተ ዓመታት አውሮፓን ቢያስደንቅም ሚስጥሩ ሌላ ነበር፤ ከሣጥኑ ውስጥ ሰው ተደብቆ ይጫወት ነበር። ያለ ማታለል የሠራው የመጀመሪያው ማሽን በ1912 የተገነባው የስፔናዊው መሐንዲስ የሊዮናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ ነው። ይህም ቢሆን ሙሉ ጨዋታ አይጫወትም። በንጉሥና በአንድ ሩክ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማድረግ ነበር ሥራው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጉዳዩ መልክ ያዘ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ ከባልደረባው ዴቪድ ቻምፐርናውን ጋር በ1948 የቼዝ ፕሮግራም ነደፈ። ፕሮግራሙን የሚያንቀሳቅስ ኮምፒዩተር ስላልነበረ ቱሪንግ በ1952 ስሌቱን ራሱ በወረቀት እየሠራ ከአሊክ ግሌኒ ጋር ተጫወተ። ‹‹የወረቀቱ ማሽን›› በ29ኛው እርምጃ ተሸነፈ። በ1950 ደግሞ አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ኮምፒዩተር ቼዝ እንዴት ሊጫወት እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ጽሑፍ ልጆች ናቸው።

በ1956 በሎስ አላሞስ ‹‹ማኒያክ›› የተባለው ኮምፒዩተር ጳጳሶቹ ወጥተው 36 ቤት ባለው አነስተኛ ገበታ ላይ ተጫወተ። በ1957 የአይቢኤሙ አሌክስ በርንስታይንና ባልደረቦቹ ሙሉ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም አዘጋጁ፤ ለአንድ እርምጃ ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። በ1967 በኤምአይቲ ሪቻርድ ግሪንብላት የሠራው ‹‹ማክ ሃክ›› በሰዎች ውድድር ላይ ገብቶ ሰው ለማሸነፍ የመጀመሪያው ሆነ። ልብ ይበሉ፤ እስከዚህ ድረስ ያሉት ማሽኖች በሙሉ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጦር ምርምር ማዕከላትና ግዙፍ ኩባንያዎች ንብረት ነበሩ። ተራ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከኮምፒዩተር ጋር ቼዝ መጫወት የሚችልበት ዘመን ገና ነበር።

የባልና ሚስቱ ፕሮግራም

ይህን የቀየሩት በ1970ዎቹ አጋማሽ ብቅ ያሉት ጥቃቅን ኮምፒዩተሮች ናቸው። በ1976 ፒተር ጄኒንግስ ‹‹ማይክሮቼዝ››ን ለገበያ አቀረበ። ሳርጎን የተከተለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የሠሩት በፕሮግራም ጸሐፊነት የሚተዳደሩት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ዳንና ካቲ ስፕራክለን ናቸው። ፕሮግራሙ በዜድ 80 ፕሮሰሰር ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን ስሙን የወሰደው በጥንታዊት ሜሶጶጣሚያ ከነገሠው ከሳርጎን ነው።

በመጋቢት 1978 በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ከተማ በተካሄደው የኮምፒዩተር ትርዒት ላይ ለጥቃቅን ኮምፒዩተሮች የቼዝ ውድድር ተዘጋጀ። ሳርጎን አምስት ተጫውቶ አምስቱንም አሸነፈ። ባልና ሚስቱ ቀጥለው ያደረጉት ነገር ግን ከድሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። በዚያው ዓመት የፕሮግራሙን ሙሉ ኮድ ሃይደን በተባለው አሳታሚ በኩል በመጽሐፍ አወጡት። ማንም ሰው መጽሐፉን ገዝቶ፣ መስመር በመስመር አንብቦ፣ በራሱ ማሽን ላይ መጻፍ ይችል ነበር። ያን ጊዜ የብዙ ቤት ኮምፒዩተሮች ሚሞሪ 16 ኪሎባይት ያህል ነበር። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል።

በ1979 ‹‹ሳርጎን 2››፣ በ1983 ደግሞ እኛ ዘንድ ነገሌ የደረሰው ‹‹ሳርጎን 3›› ወጡ። ስፕራክለኖች ፊደሊቲ ኤሌክትሮኒክስ ለተባለው ኩባንያም መሥራት ጀመሩ። ኩባንያው ያቀረበው የቼዝ ማሽን በ1980 ለንደን ላይ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የጥቃቅን ኮምፒዩተሮች የዓለም የቼዝ ሻምፒዮና አሸነፈ።

እንዴት ያስባል?

ቼዝ ለማያውቁ አንባቢያንም ግልጽ እንዲሆን በአጭሩ ላስረዳ። በአንድ የቼዝ አቋም ላይ አንድ ተጫዋች በአማካይ 35 ያህል የተፈቀዱ እርምጃዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ባላጋራው 35 መልስ ይኖረዋል። እኔ፣ አንተ፣ እኔ፣ አንተ ተብሎ አራት እርምጃ ወደፊት ሲታሰብ ወደ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ አቋም ይደርሳል። ፕሮግራሙ ይህንን ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ዘርግቶ ጫፉ ላይ ያለውን አቋም ነጥብ ይሰጠዋል። ወታደር 1፣ ፈረስና ጳጳስ 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9 ይመዘናሉ። ከዚያም ባላጋራው ሁልጊዜ የተሻለውን እንደሚመርጥ በመገመት ለራሱ የሚበጀውን ቅርንጫፍ ይይዛል። ከወዲሁ መጥፎ መሆኑ የታወቀን ቅርንጫፍ እስከ መጨረሻው ሳይከተሉ መቁረጥም ይቻላል፤ ባለሙያዎች አልፋ ቤታ ይሉታል። ሳርጎንም ይህን ዘዴ ይጠቀም ነበር።

የሳርጎን ልዩ ባሕርይ በዛፉ ጫፍ ላይ የሚያደርገው የ‹‹ብላ ልብላ›› ሒሳብ ነው። እያንዳንዱን ቤት የሚያጠቁና የሚጠብቁ ጠጠሮችን ቆጥሮ፣ መበላላቱ ቢጀመር ማን አትርፎ እንደሚወጣ ያሰላል። በዚህም በደካማ ማሽን ላይ ሆኖ ከአቅሙ በላይ አርቆ ያየ ይመስል ነበር።

ድክመትም ነበረው። የቼዝ ፕሮግራም አዋቂው ሃንስ በርሊነር ‹‹የአድማስ ችግር›› ብሎ የሰየመው ነገር ነው። ፕሮግራሙ አራት እርምጃ የሚያይ ከሆነ አምስተኛው ለእሱ ከአድማስ ባሻገር ነው። ንግሥቱ ልትበላ መሆኑን ቢያውቅ፣ ጥፋቱን ከአድማሱ ማዶ ለመግፋት ሲል ወታደሮቹን አንድ በአንድ ይሰዋል። ጥፋቱ ከዕይታው ስለወጣ የዳነ ይመስለዋል፤ ከዚያ ንግሥቱም ትበላለች፣ ወታደሮቹም አልቀዋል። ነገሌ ላይ ሳርጎንን ያሸነፍኩባቸው ጥቂት ምሽቶች ሁሉ የመጡት ከዚህ ነው። በግልጽ ሜዳ ላይ ለሚኖር የቦረና ከብት አርቢ ይህን ችግር ማስረዳት አያስቸግርም፤ አቧራው ሳይታይ ከብት እየመጣ መሆኑን የማያውቅ እረኛ አድርጎ ማሰብ ነው።

የሳርጎን ቦታ

ከሳርጎን በኋላ ውድድሩ ፈጠነ። በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ‹‹ቤል›› በ1983 የማስተር ደረጃ አገኘ። በግንቦት 1997 የአይቢኤሙ ‹‹ዲፕ ብሉ›› በሰከንድ ወደ 200 ሚሊዮን አቋም እየመረመረ የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ረታ። በታኅሣሥ 2017 ይፋ የሆነው ‹‹አልፋዜሮ›› ደግሞ የጨዋታው ሕግ ብቻ ተነግሮት ከራሱ ጋር በመጫወት በሰዓታት ውስጥ ከቀደሙት ሁሉ ላቀ። ዛሬ ማንኛውም ስልክ ላይ በነጻ የሚጫን የቼዝ ፕሮግራም ታላላቆቹን የቼዝ ጌቶች ያሸንፋል።

በዚህ መለኪያ ሳርጎን ደካማ ነው። ታሪካዊ ቦታው በጥንካሬው አይለካም። የኮምፒዩተር ቼዝን ከላቦራቶሪ አውጥተው ወደ መኖሪያ ቤት ካስገቡት አንዱ ነው፤ ኮዱን በመጽሐፍ በመግለጡም ለብዙ ወጣት ፕሮግራም ጸሐፊዎች መማሪያ ሆኗል። ሌላም አለ። ያን ዘመን የተሸጡ ብዙ ፕሮግራሞች ከፍሎፒዎቻቸው ጋር ጠፍተዋል። የመጀመሪያው ሳርጎን ግን በወረቀት ላይ ታትሞ ስለቀረ፣ ከ40 ዓመታት በኋላ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ያንኑ ኮድ ወስደው በዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ እንደገና ሊያንቀሳቅሱት ችለዋል። የተጻፈ ነገር ይተርፋል።

የሽማግሌው ጥያቄ

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ኮምፒዩተር የገበጣን ቤተሰብ ጨርሶ አያውቅም ማለት አይቻልም። እንዲያውም ቀደም ብሎ ነው ያወቀው፤ ያወቀው ግን የሌላውን ነው።

ዊሊያም ጁሊየስ ቻምፒየን የተባለ አሜሪካዊ በ1940 ከአፍሪካና ከእስያ የጉድጓድ ጨዋታዎች ቀለል ያለ ዓይነት አውጥቶ ‹‹ካላህ›› ብሎ ሰየመው። በ1950ዎቹ ፓተንት አውጥቶበት መሸጥ ጀመረ። በ1964 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የካላህ ፕሮግራም ተጽፎ ነበር። በ1968 እንግሊዝ ውስጥ አትላስ በተባለው ግዙፍ ኮምፒዩተር ላይ ስለተሠራ የካላህ ፕሮግራም ተጽፏል። ለተመራማሪዎች ካላህ የተመቸበት ምክንያት ቀላል ነው። በአንድ በኩል ስድስት ጉድጓድ ብቻ ስላለ ተጫዋቹ ቢበዛ ስድስት ምርጫ አለው። ቼዝ በአራት እርምጃ የሚደርስበትን 1 ሚሊዮን 500 ሺህ አቋም ካላህ የሚደርስበት በስምንተኛው ገደማ ነው። በዚህም ማሽኑ አርቆ ማየት ይችላል።

በ2000 ጂኦፍሪ ኧርቪንግ፣ ዬሩን ዶንከርስና ዮስ ኧይተርቫይክ ካላህን በበርካታ የጠጠር መጠኖች እስከ መጨረሻው ፈትተው፣ በተለመደው በየጉድጓዱ አራት ጠጠር በሚጀመረው ጨዋታ መጀመሪያ የሚጀምረው ሰው እንደሚያሸንፍ አሳዩ። በ2002 ደግሞ አምስተርዳም ውስጥ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል የምዕራብ አፍሪካውን ‹‹አዋሪ›› ፈቱ። 144 ፕሮሰሰሮችን አያይዘው፣ ከጨዋታው መጨረሻ ወደ ኋላ እየቆጠሩ፣ 889 ቢሊዮን የሚሆኑ አቋሞችን በሙሉ መረመሩ። ውጤቱም ሁለቱም ተጫዋቾች ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ እኩል ለእኩል እንደሚለያዩ አረጋገጠ። ቼዝ እስከ ዛሬ እንዲህ አልተፈታም።

የቆላው ከተሞች ሌላም ጨዋታ አላቸው። በፊልቱ፣ በዶሎ አዶና በሞያሌ ሶማሌዎች ‹‹ሻህ›› የሚሉት ጨዋታ አለ። አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሣሉ ሦስት አራት ማዕዘኖች መሬት ላይ ይጫራሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይዞ ሦስቱን በአንድ መስመር ለማሰለፍ ይታገላል። ‹‹ሻይ እስኪፈላ›› ተብሎ ተጀምሮ ጥላ እስኪዞር የሚቀጥል ጨዋታ ነው። የአውሮፓው ዘመዱ በየወገኑ ዘጠኝ ጠጠር አለው። ያንን በ1993 ራልፍ ጋሰር የተባለ ተመራማሪ ዙሪክ ላይ በኮምፒዩተር ፈትቶ ውጤቱ እኩል መሆኑን አሳይቷል። የሶማሌው ሻህ ግን ሕጉ ይለያል፤ ጠጠሮቹ ተደርድረው እስኪያልቁ ድረስ መብላት የለም። ስለዚህ የዙሪኩ መልስ ለፊልቱ መልስ አይሆንም።

የራሳችን ቼዝ የት ደረሰ?

የሚጠፋ ጨዋታ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየቢሮው በኮምፒዩተር ላይ በረድፍና በዓምድ የምንሠራውን ‹‹ሰንጠረዥ›› እንለዋለን። ቃሉ የቼዝ ስም ነው። ከሳንስክሪት ቻቱራንጋ፣ በፋርስና በዓረብ ሻጥራንጅ አልፎ እኛ ጋ የደረሰው ሰንጠረዥ ለዘመናት የመኳንንት ጨዋታ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ቼዝ ወዳጅ እንደነበሩ ጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ ባሳተሙበት ጊዜ ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ በብዙ ነገር ይለያል። ገበታው ጥቁርና ነጭ ሆኖ አይዥጎረጎርም፤ ብዙ ጊዜ በመስመር የተከፋፈለ ጨርቅ ነው። በንግሥት ቦታ ያለው ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። በጳጳስ ቦታ ያለው ዝሆን፣ ማለትም ፊል፣ በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል። ትልቁ ልዩነት ግን አጀማመሩ ላይ ነው። ‹‹ወረራ›› በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም። እያንዳንዱ ሠራዊቱን እንደፈለገው፣ በፈለገው ፍጥነት፣ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ ያሰልፋል። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። በመጨረሻም ብቻውን የቀረ ንጉሥን ማት ማድረግ አይቻልም፤ የቶሬስ ኬቬዶ ማሽን የሚኮራበት ድል በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ድል አይባልም ነበር ማለት ነው።

ይህ ለፕሮግራም ጸሐፊ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ከሻነን እስከ ሳርጎን ያለው ዘዴ በሙሉ የቆመው ‹‹እኔ፣ አንተ፣ እኔ፣ አንተ›› በሚል ተራ ላይ ነው። የዛፉ ቅርንጫፍ የሚዘረጋው ተራ ስላለ ነው። ወረራ ተራ የለውም። ሳርጎን ሰንጠረዥ ቢሰጠው መጫወት የሚያቅተው ከመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሰንጠረዥን ዛሬ በሙሉ ለዛው ማስተማር የሚችል ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ቀሪው ቅርስ ተጓዦች የጻፉትና ፓንክረስት ከአዛውንት ያሰባሰቡት ነው።

የእኛ ሙከራ

ነገሌ ላይ ሽማግሌው ከጠየቁኝ በኋላ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የሰዴቃ ፕሮግራም በቤዚክ ቋንቋ ለመጻፍ ተነሳን። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ፣ ጠጠር፣ ከአንዱ ጉድጓድ አፍሶ ለሚቀጥሉት አንድ አንድ ማደል፤ ከቼዝ አንጻር ሲታይ የአንድ ሳምንት ሥራ መሰለን። ችግሩ የመጣው ሕጉን ለመጻፍ ስንቀመጥ ነው።

በገበያው ዳር በግራር ጥላ ሥር የሚጫወቱ ሰዎችን ጠየቅን። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ እንደገና አፍሶ መቀጠል እንዳለ ሁሉም ተስማሙ። ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍስ? አንዱ ከፊት ለፊት ያለው ይበላል አለ፤ ሌላው ተራው ያልፋል እንጂ አይበላም አለ። ከሞያሌ በኩል የመጣ ሾፌር ሦስተኛ ሕግ ነገረን። ግራ ገብቶን የዘበኛውን አባት በቀጣዩ የገበያ ቀን ጠየቅናቸው።

‹‹ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?›› አሉኝ።

ሕጉ የሚወሰነው ከመጀመሩ በፊት፣ በሁለቱ ተጫዋቾች ስምምነት ነው ማለታቸው ነበር። ‹‹እንደ እናንተ ነው ወይስ እንደ እኛ?›› ብሎ መጠየቅ የጨዋታው የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ፕሮግራማችን ይህን መጠየቅ ነበረበት፤ ሳርጎን ግን ጠይቆ አያውቅም።

ሌላም ነገር አስተዋልን። አንድ ተጫዋች ጠጠር አፍሶ ከማደሉ በፊት ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ጉድጓዶቹን አይቶ መጨረሻው የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ጠጠሩ ሦስት አራት ጊዜ እየታፈሰ የሚዞርበትን ጉዞ በቃል ያሰላል። በዛንዚባር የባኦ ጌቶችን ያጠናው ሆላንዳዊው አሌክስ ደ ፎግት በ1995 ባሳተመው ጥናቱ ይህንኑ የአእምሮ ስሌት በስፋት መርምሯል። ነገሌ ገበያ ላይ ያየናቸው ሰዎች ከዚያ ያንሳሉ ብዬ አላምንም።

ሕጎቹን በአንድ ደብተር መመዝገብ ጀመርን። 11 ሰው ያህል ጠይቀን ነበር። ከዚያ እኔ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። ደብተሩ ከዕቃዬ ጋር ሲጓጓዝ ጠፋ፤ ግማሽ የተጻፈው ፕሮግራም ያለበት ፍሎፒም ሻግቶ አልከፍት አለ። ዓመታት ቆይቼ ዘበኛውን አዲስ አበባ ላይ ሳገኘው አባቱ ማረፋቸውን ነገረኝ። የጠየቁኝን ሳልመልስላቸው ቀረሁ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእኔ ነው። ሁለተኛ ቅጂ መጻፍ የአንድ ምሽት ሥራ ነበር።

ምን ይደረግ?

ዛሬ ስልካችን ላይ ‹‹ማንካላ›› ብለን ብንፈልግ ብዙ ጨዋታ እናገኛለን። አብዛኞቹ የሚከተሉት የቻምፒየንን የካላህ ሕግ ነው። የእኛ ልጅ በስልኩ የአሜሪካውን ዓይነት ተምሮ፣ አያቱ ጋ ሲሄድ ‹‹አንተ አታውቅበትም›› የሚባልበት ጊዜ መጥቷል።

ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ስለ ገበጣና ዘመዶቹ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ከእነዚህ ውስጥ የኮንሶው ‹‹ላምላሜታ›› በሁለት ረድፍ 12 12 ጉድጓድ ኖሮት በየጉድጓዱ ሁለት ጠጠር ይደረግበታል። ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይታወቅም። ይህ ሁሉ የእኛ ሀብት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል።

ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ነገሌ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ ወይም ፊልቱ የምትሄዱ አንባቢያን ፕሮግራም ጸሐፊ መሆን አይጠበቅባችሁም። ስንት ጉድጓድ እንዳለ፣ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር እንደሚጀመር፣ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚታደል፣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚበላና ጨዋታው በምን እንደሚያልቅ ጠይቃችሁ ጻፉ። የተጫዋቹን አካባቢና የተመዘገበበትን ቀን ጨምሩ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ቢነግሯችሁ አንዱን ‹‹ትክክለኛ›› ብላችሁ ሌላውን አትሰርዙ፤ ሁለቱንም መዝግቡ። ከዚያ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ አንድ ቅጂ ስጡ። የቀረውን፣ ማለትም ፕሮግራሙን፣ የዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጥቂት ቀናት ይጽፈዋል።

የስፕራክለኖች ሳርጎን የሚታወሰው ባለቤቶቹ የሚያውቁትን በወረቀት ላይ ስላኖሩት ነው። ሰንጠረዥ የደበዘዘው የሚያውቁት ሰዎች ይዘውት ስለሄዱ ነው። የነገሌው ሰዴቃ አሁን በሁለቱ መካከል ነው። ሽማግሌው ‹‹ገና ልጅ ነው›› ያሉት ማሽን አድጎ የዓለም ሻምፒዮን አሸንፏል፤ ሰዴቃን እንደ ቦረና ሰው መጫወት ግን እስካሁን አላስተማርነውም።